ፀሐይና ጭፍሮቿ ከሳሪስ ሲታዩ



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ እንድናገር የተሰጠኝ ርእስ ስለ ፀሐይና በዙሪያዋ ስለሚመላለሱ ዓለማት ነው። ርእሱ ሰፊ፣ የተሰጠኝም ጊዜ አጭር ስለ ሆነ፣ በመጻሕፍት የተጻፈውን ሁሉ ልዘርዝር ብል ሳልጨርሰው ይመሻል፤ ስለዚህ ከብዙው ጥቂቱን፣ ይልቁንም እናንተ ራሳችሁ በዚሁ በአዲስ አበባ፣ በሳሪስ፣ በየግቢያችሁ ቆማችሁ፣ በዓይናችሁ አይታችሁና በእጃችሁ ለክታችሁ እውነትነቱን ልታረጋግጡ የምትችሉትን መርጬ አቀርባለሁ። የሰማይ ነገር በሩቅ ሀገር ያሉ ሊቃውንት በትልልቅ መሣሪያ ሲመረምሩት የሚኖሩት፣ እኛ ግን ከእነርሱ ሰምተን የምንቀበለው ብቻ ነው የሚል አሳብ በብዙ ተማሪዎች ልብ አድሮ አያለሁ፤ ይህ አሳብ በጣም ያሳዝነኛል፤ እውነትም አይደለም። ቴሌስኮፕ የሚያሳየውን ዓይን እንደማያሳይ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ቴሌስኮፕ ከመሠራቱ በፊት በነበሩት ረጅም ዘመናት ስለ ፀሐይ፣ ስለ ጨረቃና ስለ ከዋክብት የተመረመረውና የተቀመረው ሁሉ የተገኘው በዓይን፣ በጥላና በትዕግሥት ነው።

እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሜ የማቀርብላችሁ መሣሪያ አንድ ቀጥ ያለ በትር ነው። ርዝመቱ አንድ ሜትር የሆነ በትር ፈልጋችሁ፣ መሬቱ ደልዳላ በሆነ፣ ፎቅና ዛፍ በማይጋርደው ስፍራ ትከሉት፤ ወዴትም እንዳላዘነበለ ለማወቅ ግንበኞች ግድግዳ የሚያቀኑበትን ቱንቢ ከጎኑ አንጠልጥሉ። ከዚህ በኋላ ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ጀምራችሁ በየዐሥር ደቂቃው የጥላው ጫፍ ባረፈበት ነጥብ ላይ ጠጠር እያኖራችሁ ብትሄዱ፣ ጥላው ቀስ በቀስ እያጠረ ይመጣና አንድ ጊዜ ከሁሉ ያነሰ ሆኖ፣ ከዚያ ደግሞ መልሶ መርዘም ሲጀምር ታያላችሁ። ጥላው ከሁሉ ያጠረበት ቅጽበት የሳሪስ እውነተኛ ቀትር ነው፤ በዚያ ቅጽበት የወደቀበት መስመርም ያለ ኮምፓስ ሰሜንና ደቡብን ለይቶ ያሳያል። ሰዓታችሁን ስትመለከቱ ግን ቀትሩ በ6 ሰዓት ሳይሆን፣ እንደ ወሩ ሁኔታ ከ6 ሰዓት ከ10 እስከ 6 ሰዓት ከ40 ባለው መካከል እንደሚውል ታገኛላችሁ። የዚህ ምክንያቱ የሀገራችን ሰዓት የሚቀናው በምሥራቅ 45ኛው የኬንትሮስ መስመር፣ ማለት በኦጋዴን በዋርዴር አቅራቢያ በሚያልፈው መስመር ሲሆን፣ እኛ የምንገኘው ግን ከ39ኛው መስመር ጥቂት ወደ ምዕራብ መሆናችን ነው። ምድር አንዱን ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ይፈጅባታልና፣ በዚያ መስመር ላይ ቀትር ከሆነ በኋላ በሳሪስ ቀትር እስኪሆን ድረስ 25 ደቂቃ ያህል ያልፋል፤ የቀረው ከፍና ዝቅ ምድር በምሕዋሯ ላይ ዓመቱን ሙሉ በእኩል ፍጥነት ባለመሄዷና በዛቢያዋ ማዘንበል የሚመጣ ነው።

እስካሁን የተናገርሁት በየትኛውም ሀገር ይሠራል፤ አሁን የምነግራችሁ ግን ከምድር ወገብ ብዙ ላልራቀ ሕዝብ ብቻ የተሰጠ ነው። በአውሮፓ የሚኖር ተማሪ በትሩን ቢተክል የቀትር ጥላው ዓመቱን በሙሉ ወደ ሰሜን ይወድቃል፤ ፀሐይ በአናቱ ላይ ቀጥ ብላ የምትቆምበት ቀንም የለም። በሳሪስ ግን ሚያዝያ 5 ቀን ገደማ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 ላይ፣ ፀሐይ በአናታችን ትክክል ስለምትሆን የበትሩ ጥላ ፈጽሞ ይጠፋል። ከዚያ ቀን በኋላ የቀትሩ ጥላ ወደ ደቡብ መውደቅ ይጀምራል፤ እንዲህም ሆኖ ይቆይና ነሐሴ 23 ወይም 24 ቀን ገደማ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስትመለስ በአናታችን ላይ ሁለተኛ ታልፋለች፤ ጥላውም ወደ ሰሜን ይዞራል። የነሐሴው ቀን በደመና ስለሚከደን ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ የሚያዝያውን ግን ያልጠበቀ ተማሪ በገዛ እጁ የቀረበት ነው።

አንድ ሜትር የሆነው በትር በታኅሣሥ 12 ወይም 13 ቀን ቀትር ላይ ወደ ሰሜን የሚጥለው ጥላ 63 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ሰኔ 14 ቀን ደግሞ ወደ ደቡብ የሚጥለው 26 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በእነዚህ ቀናት ደመና ቢከለክላችሁ አትጨነቁ፤ ጥላው በዚያ ሰሞን የሚለወጠው በጣም በጥቂቱ ስለ ሆነ ከፊት ወይም ከኋላ ያለው ቀን ያገለግላል። እነዚህን ሁለት ልኮች በደብተራችሁ ላይ በጥንቃቄ አኑሯቸው። በትሩንና ጥላውን በልክ አሳንሳችሁ በወረቀት ላይ ከሣላችሁ በኋላ፣ ከበትሩ ራስ እስከ ጥላው ጫፍ የተሰመረው መስመር ከበትሩ ጋር የሠራውን ማዕዘን ብትለኩት፣ የታኅሣሡ 32 ዲግሪ ተኩል፣ የሰኔው 14 ዲግሪ ተኩል ያህል ይሆናል። ሁለቱን ደምሯቸው፤ 47 ይመጣል፤ የዚህ እኩሌታ 23 ተኩል ምድር በዛቢያዋ ላይ ያዘነበለችበት ማዕዘን ነው። ደግሞ ትንሹን ከትልቁ ቀንሱ፤ 18 ይቀራል፤ የዚህ እኩሌታ 9 ሳሪስ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን የራቀችበት ዲግሪ ነው። አንድ ተማሪ ከግቢው ሳይወጣ፣ ገንዘብም ሳያወጣ፣ የምትሸከመውን ምድር ዘንበልታና የሚኖርበትን ስፍራ ኬክሮስ በዚህ መንገድ ሊያውቅ መቻሉን ባሰብሁ ቁጥር ልቤ በአድናቆት ይመላል።

ይህን የፀሐይ መመላለስ አባቶቻችን አላጡትም። ሙሉው በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየው መጽሐፈ ሄኖክ ከ72ኛው እስከ 82ኛው ምዕራፍ ድረስ የሚናገረው ስለ ብርሃናት ሥርዓት ነው፤ በዚያም ፀሐይ በምሥራቅ ስድስት፣ በምዕራብም ስድስት ኆኅት፣ ማለት በር፣ እንዳላት፣ በእነዚህም በየወሩ እየተፈራረቀች እንደምትወጣና እንደምትገባ ተጽፎ ይገኛል። የጥንቱ ጸሐፊ ኆኅት ብሎ የሰየመውን ነገር እናንተም ልታዩት ትችላላችሁ፤ የየረር ተራራ ከሚታይበት ስፍራ ላይ ቆማችሁ፣ ተራራውን ምልክት አድርጋችሁ፣ ፀሐይ የምትወጣበትን ነጥብ በየሳምንቱ ብትመዘግቡ፣ በሰኔ ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ እየተጓዘች ስትመላለስ ታገኟታላችሁ። የምትጓዘው ግን ፀሐይ አይደለችም፤ ዘንበል ብላ በዙሪያዋ የምትሄደው ምድር ናት።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ ስሕተት ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም። ብዙ ሰው፣ የተማረውም ጭምር፣ ክረምት የሚቀዘቅዘው ፀሐይ ስለምትርቅ ነው ይላል። በእኛ ሀገር ይህ ስሕተት እውነት የሚመስልበት ምክንያት አለው፤ የምድር ምሕዋር ፍጹም ክብ ስላልሆነ በሰኔ መጨረሻ፣ ልክ ዘመነ ክረምት በሚገባበት ሰሞን፣ ምድር ከፀሐይ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ በታኅሣሥ መጨረሻ ደግሞ፣ መፀው አልፎ ሐጋይ በሚተካበት ሰሞን፣ ወደ 147 ሚሊዮን ትቀርባለች። ነገር ግን ይህ መገጣጠም እንጂ ምክንያት አይደለም። ምድር ከፀሐይ በራቀችበት በዚያው ሰሞን የካይሮ ሰው በበጋ ሐሩር ይቃጠላል፤ የጆሐንስበርግ ሰው ግን ካፖርት ይደርባል፤ ርቀቱ ለሁለቱም አንድ ነው። ፀሐይ ከሁሉ በቀረበችበት በታኅሣሥም የእኛ ደጋ ሌሊቱን ውርጭ ይመታዋል፤ ሰማዩ ደመና የሌለበት በመሆኑ መሬት ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ጠፈር ትመልሰዋለችና። የወቅቶች መሠረት የምድር ማዘንበል ነው፤ ፀሐይ በሰሜን በኩል ቀጥ ብላ በምታበራባቸው ወራት የዝናቡ መቀነት ተከትሏት ወደ ሰሜን ይወጣል፤ ሰማያችን በደመና ይሸፈናል፤ ስለዚህም ፀሐይ ከአናታችን ብዙ ባልራቀችበት ጊዜ ሳለን ብርድ ይሰማናል።

ማዘንበሉ በሰሜን አውሮፓ የበጋውን ቀን እጅግ ሲያስረዝም የክረምቱንም እጅግ ሲያሳጥር፣ በእኛ ዘንድ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። መዓልቱን 12፣ ሌሊቱንም 12 ሰዓት አድርጎ ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ የሚቈጥረው የሀገራችን ሰዓት ለዚህች ምድር የተስማማ የሆነውም ስለዚህ ነው።

ወደ ጨረቃ እንለፍ። ጨረቃ ከአንዱ ልደቷ እስከ ሌላው ልደቷ 29 ቀን ተኩል ያህል ይፈጅባታል፤ ስለዚህ ዐሥራ ሁለት የጨረቃ ወራት ሲደመሩ 354 ቀን ይሆናሉ፤ የፀሐይ ዓመት ግን 365 ቀን ከሩብ ነው። በመካከል 11 ቀን ይተርፋል። የእስላም ጎረቤቶቻችሁ የረመዳን ጾም በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ እየሳበ አንድ ጊዜ በክረምት፣ ሌላ ጊዜ በበጋ ሲውል አይታችሁ ይሆናል፤ እነርሱ በጨረቃ ብቻ ስለሚቈጥሩ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት ደግሞ ፀሐይንና ጨረቃን አስታርቀው ለመቍጠር ሲሉ፣ በትውፊት የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ድሜጥሮስ ደረሰው የሚባለውን ባሕረ ሐሳብ ይጠቀማሉ። የሒሳቡ ምሥጢር 19 የፀሐይ ዓመታት ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር እኩል መሆናቸው ነው፤ ሁለቱም 6,940 ቀን ያህል ይሆናሉ፤ የሚለያዩት በጥቂት ሰዓት ብቻ ነው።

ለምሳሌ የ2019 ዓመተ ምሕረትን ብንወስድ፣ 5,500 ዘመነ ፍዳን ስንጨምርበት ዓመተ ዓለሙ 7,519 ይሆናል፤ ይህን ለ19 ስንገድፈው 14 ይተርፋል፤ አንድ ለዘመን ሲቀነስ ወንበሩ 13 ነው። ወንበሩን በዚያው በ11 ብናበዛው 143፣ ከዚህም 30ውን በየጊዜው ብናወጣ 23 ይቀራል፤ ይህ አበቅቴ ይባላል። ወንበሩን በ19 አብዝተን 30ውን ብናወጣ 7 ይቀራል፤ ይህም መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መሆናቸውን ልብ በሉ። በየገዳሙና በየአድባራቱ ይህን በቃላቸው የሚያሰሉ መምህራን በጠፈር ሳይንስ ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ነገር ግን በእጃቸው ያለው ቍጥር የጨረቃንና የምድርን ትክክለኛ እንቅስቃሴ የያዘ ነው፤ አንድ ተማሪ ሁለቱን ትምህርቶች ለየብቻ አድርጎ ሲያይ ሁለቱንም እንዳጎደለ እቈጥረዋለሁ። እናንተም ብትፈልጉ መርምሩት፤ በተወለዳችሁ ዕለት ጨረቃ ሙሉ ኖራ እንደ ሆነ፣ 19 ዓመት በሚሞላችሁ ዕለትም ከአንድ ቀን ባልበለጠ ልዩነት ሙሉ ሆና ታገኟታላችሁ።

አሁን በመማሪያ መጻሕፍት ላይ ስለሚታየው ሥዕል እናገራለሁ። በሥዕሉ ላይ ፀሐይ በአንድ ጫፍ ሆና ስምንቱ ፕላኔቶች በአጠገቧ ተደርድረው ይታያሉ፤ ገጹ ጠባብ በመሆኑ ሠዓሊው ሌላ ማድረግ አይችልም፤ ነገር ግን ሥዕሉ ከልጅነት ጀምሮ በአእምሯችን ታትሞ ስለ ጠፈር ስፋት ያለንን አስተያየት ፈጽሞ ያበላሸዋል። ስለዚህ ሥዕሉን ትተን በእግራችን እንሂድ። ሥርዓተ ፀሐይን አንድ ቢሊዮን ጊዜ አሳንሰን፣ ከሳሪስ አቦ መታጠፊያ ተነሥተን በደብረ ዘይት መንገድ ወደ ቃሊቲ እንውረድ።

በዚህ ልክ ፀሐይ ከዳር እስከ ዳር 1 ሜትር ከ40 የሆነች ድቡልቡል አካል ትሆናለች፤ በመታጠፊያው ላይ እናቁማት። 58 ሜትር ስንሄድ ሜርኩሪ ይገኛል፤ መጠኑ የምስር ፍሬ ነው፤ ቀኑ እስከ 430 ዲግሪ ሲግል ሌሊቱ ከዜሮ በታች 180 ይወርዳል። በ108 ሜትር ላይ ቬነስ አለች፤ እናንተ የምትጫወቱበትን አንዱን ብይ ታህላለች። እርሷ በንጋት አጥቢያ ኮከብ እያልን የምንጠራት፣ አንዳንድ ጊዜም ምሽት ላይ በምዕራብ የምናያት ናት፤ ወፍራም የካርቦን ዳይኦክሳይድ አየሯ ሙቀትን አፍኖ ስለሚይዝ፣ ምንም ከሜርኩሪ ይልቅ ከፀሐይ ብትርቅ፣ ሙቀቷ 465 ዲግሪ ደርሶ ከፕላኔቶች ሁሉ ይበልጣል። በ1610 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጋሊሌዮ በቴሌስኮፑ ቬነስ ጨረቃ እንደምትጎድልና እንደምትሞላ ስትጎድልና ስትሞላ ባያት ጊዜ፣ የምትዞረው በፀሐይ እንጂ በምድር ዙሪያ አለመሆኑ በዓይን የታየ ማስረጃ ሆነ።

በ150 ሜትር ላይ ሁለተኛው ብይ አለ፤ እርሱ ምድራችን ነው። ከእርሱ 38 ሳንቲ ሜትር፣ አንድ ክንድ እንኳ በማይሞላ ርቀት፣ አንዲት የማሽላ ፍሬ አስቀምጡ፤ ጨረቃ ናት። በሐምሌ ወር 1961 ዓ.ም. የሰው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጉዞ የረገጣት ያች ናት። ባሕሮችና ተራሮች፣ ነገሥታትና ሕዝቦች፣ የተጻፈና ያልተጻፈ ታሪክ ሁሉ በዚያ ብይ ላይ ነው። 228 ሜትር ስንደርስ የአተር ፍሬ የምታህለውን ማርስን እናገኛለን፤ በእርሷ ላይ ያለው ኦሊምፐስ የተባለው እሳተ ገሞራ ቁመቱ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከራስ ዳሸን አምስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ማርስ ድሮ ውሃ ፈስሶባት እንደ ነበረ ድንጋዮቿ ይመሰክራሉ፤ በዚያ ዘመን በጨውና በአሲድ ውሃ ውስጥ ሕይወት ሊኖር ይችል እንደ ነበር ለማወቅ የሚደክሙ ተመራማሪዎች ደግሞ ወደ እኛው ወደ ዳሎል ይመጣሉ፤ በምድር ላይ ከዚያ የሚበልጥ መፈተኛ ስፍራ ማግኘት ይከብዳልና።

ከማርስ በኋላ ጉዞው ይረዝማል። ስፍር ቍጥር የሌላቸው አስትሮይዶች የሚዞሩበትን ክፍል አልፈን 778 ሜትር ላይ ጁፒተርን እናገኛለን፤ 14 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኳስ ነው፤ ክብደቱ ከሌሎቹ ሰባት ፕላኔቶች ክብደት ድምር ሁለት ጊዜ ተኩል ይበልጣል። በላዩ ላይ የሚታየው ቀይ ነቍጥ ከምድራችን የሚሰፋ ማዕበል ነው። ከጨረቃዎቹ አንዱ አዮ እሳተ ገሞራ የበዛበት ዓለም ነው፤ እንደ ኤርታሌ ያለ የቀለጠ ዓለት ሐይቅም አለው። አራቱን ትልልቅ ጨረቃዎቹን ለማየት ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሩቅ የሚያሳይ የእጅ መነጽር ያለው ሰው ክንዱን በግንብ ላይ አስደግፎ ቢመለከት፣ በጁፒተር ግራና ቀኝ ተሰልፈው ያያቸዋል፤ በማግሥቱም ሥፍራቸውን ለውጠው ያገኛቸዋል። በ1610 እ.ኤ.አ. ጥር ወር ጋሊሌዮን ያስደነቀው ይህ ነው።

ሳተርን 1 ኪሎ ሜትር ከ430 ሜትር ላይ ነው፤ ቀለበቱ በእኛ ልክ ከዳር እስከ ዳር 28 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ እውነተኛው ውፍረቱ ግን በአብዛኛው በዐሥር ሜትሮች የሚቈጠር ብቻ ነው፤ የበረዶና የድንጋይ ስብርባሪዎች የተሰለፉበት ነውና። እስከዚህ ድረስ ያሉትን፣ ከምድር በቀር፣ ጥንታውያን በዓይናቸው ያውቋቸው ነበር፤ በድሮ መጻሕፍትም ዐጣርድ፣ ዝሁራ፣ መሪኅ፣ ሙሽተሪና ዙሐል ተብለው ይጠራሉ። ከዚህ በኋላ ያሉት ሁለቱ ግን የዘመናዊ ምርመራ ፍሬዎች ናቸው። ሎሚ የሚያህለው ዩራኑስ 2 ኪሎ ሜትር ከ870 ሜትር ላይ ነው፤ ዊልያም ሔርሼል በ1781 እ.ኤ.አ. አገኘው፤ በጎኑ ተጋድሞ ይሽከረከራል። ኔፕቱን 4 ኪሎ ሜትር ተኩል ላይ ነው፤ የተገኘበት መንገድ ከሁሉ ይልቅ ያስገርመኛል። የዩራኑስ አካሄድ ከሒሳቡ ጥቂት ስለ ተዛነፈ፣ ለቬርዬ የተባለው ፈረንሳዊ፣ ያልታየ ፕላኔት እየሳበው መሆን አለበት ብሎ ስፍራውን በወረቀት ላይ አሰላ፤ በ1846 እ.ኤ.አ. የበርሊን መመልከቻ ቤት ሊቅ ጋሌ ደብዳቤው በደረሰው ሌሊት መሣሪያውን ወደተባለው ስፍራ ቢያዞር ፕላኔቱን ከአንድ ዲግሪ ባነሰ ልዩነት አገኘው። አንድ ዙሩን ለመፈጸም 165 ዓመት ስለሚፈጅበት፣ ከተገኘበት ቀን ጀምሮ ፀሐይን አንድ ጊዜ ዞሮ የጨረሰው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። በ1930 እ.ኤ.አ. የተገኘው ፕሉቶም ከዚህ ወዲያ አለ፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ግን ከድንክ ፕላኔቶች ጋር ተመድቧል።

በዚህ መንገድ ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ በሉ። አንደኛው፣ ከመታጠፊያው እስከ ኔፕቱን ድረስ ባለው ረጅም ጎዳና ያኖርናቸው ነገሮች፣ ከፀሐይ በቀር፣ በአንድ ዘንቢል ይገባሉ፤ የቀረው ሁሉ ባዶ ነው፤ ከሥርዓተ ፀሐይ ጠቅላላ ቁስ አካልም ከመቶ 99 እጁን አልፎ የያዘችው ፀሐይ ብቻ ናት። ሁለተኛው፣ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው ብርሃን በእኛ ልክ በሰከንድ 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሄዳል፤ ከሕፃን እርምጃ ያነሰ ነው። ስለዚህ ከመታጠፊያው እስከ ብያችን ለመድረስ ከ8 ደቂቃ በላይ፣ እስከ ኔፕቱን ለመድረስም ከ4 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። አሁን በመስኮት የሚገባው ብርሃን ፀሐይን የለቀቀው እኔ ስለ ጁፒተር ከመጀመሬ በፊት ነው። ለእኛ የምትቀርበው ሌላዋ ኮከብ ደግሞ በዚሁ ልክ 40,000 ኪሎ ሜትር ላይ ናት፤ ማለት ከሳሪስ ተነሥታችሁ ምድርን በሙሉ ዞራችሁ ሳሪስ ስትመለሱ ያን ጊዜ ትደርሱባታላችሁ።

በእነዚያ ሩቅ ከዋክብት ዙሪያም ፕላኔቶች እንዳሉ ዛሬ ታውቋል። በ2012 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበር ለየሀገሩ ሕዝብ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰይም በፈቀደ ጊዜ፣ ለኢትዮጵያ የደረሳት በአንድሮሜዳ በኩል የሚገኝ ኮከብ ቡና፣ በዙሪያው የሚዞረውም ፕላኔት አቦል ተብሎ ተሰይሟል። በሀገራችንም በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀ የምርምር ጣቢያ አለ፤ መስተዋታቸው አንዳንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመውበታል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ምድር ወደ ምሕዋሯ ወጥታለች። መምህራኖቻችሁ ወደ እንጦጦ እንዲወስዷችሁ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

በመጨረሻ ስለሚመጣው ግርዶሽ ላስጠንቅቃችሁ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት ጨረቃ በፀሐይ ፊት አልፋ በላሊበላ የእሳት ቀለበት ስታሳይ፣ በአዲስ አበባ ከፊሉ ብቻ ተጋርዶ እንደ ነበር ከእናንተ የሚያስታውስ ይኖራል። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ አቈጣጠር ኦገስት 2 ቀን 2027፣ ሌላ ታላቅ ግርዶሽ ይሆናል። ሙሉው ጥላ በግብፅ በሉክሶር፣ በመካ፣ በየመንና በሶማሊያ ሰሜናዊ ጫፍ ያልፋል፤ በእኛ ዘንድ ከቀትር በኋላ ፀሐይ በከፊል ስትጋረድ ትታያለች። ወሩ ሐምሌ ስለ ሆነ ደመና ሊከለክል ይችላል፤ ደመናው ቢገለጥ ግን ማንም ልጅ ፀሐይን በባዶ ዓይኑ እንዳይመለከት አጥብቄ እለምናለሁ። የራጅ ፊልም፣ ጥላሸት የተቀባ መስተዋት፣ በየሱቁ የሚሸጠው ጥቁር መነጽር ዓይንን አያድኑም፤ የዓይን ብርሃን የሚያየው ክፍል ሲቃጠል ሕመም ስለማይሰማ፣ ልጁ ጉዳቱን የሚያውቀው ካለፈ በኋላ ነው። ለግርዶሽ ተብሎ የተሠራ መነጽር ካልተገኘ አንድ ካርቶን ወስዳችሁ መሐሉን በመርፌ ብሱት፤ ጀርባችሁን ለፀሐይ ሰጥታችሁ ካርቶኑን ከትከሻችሁ በላይ ያዙት፤ በቀዳዳው ያለፈውን ብርሃን በፊታችሁ በተዘረጋ ነጭ ወረቀት ላይ ተቀበሉት። የተጎረሰችው ፀሐይ በወረቀቱ ላይ ትሣላለች። የጀመረበትን፣ ከሁሉ የበዛበትንና ያለቀበትን ሰዓት ጽፋችሁ ለሳይንስ መምህራችሁ አቅርቡ።